ታደለች የጨረሰችው ተረት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከሶዶ ወደ አረካ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከተማው አልቆ የእንሰት ጓሮ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። ከፊት ለፊታችን የቆርቆሮ ቤቶችና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይታያሉ፤ ከኋላችን እንሰቱና ቡናው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብሰው ዳሞታ ተራራ። ያኔ መብራት ገብቶልን ነበር፤ ግን ከሚበራበት ቀን የሚጠፋበት ይበዛ ነበርና ምሽታችን የፋኖስና የምድጃ ፍም ምሽት ነበር። ፀሐይ ገብታ ራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ፣ ጭሱ ጣሪያው ሥር ተጋድሞ እኛ ከሥሩ ተኮራምተን፣ የአባባን ተረት እንሰማ ነበር።

አባባ የአባታችን አባት ናቸው። አባታችን እኔ ገና ጡት ሳልተው በወባ ሞቶ ስለነበር ቤቱን የያዙት አባባና እናታችን ነበሩ፤ አባባ በስማቸው፣ እናታችን በጉልበቷ። እንዲህ ብዬ መናገር የቻልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ቤቱ የአባባ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በንጉሡም በደርግም ጊዜ አባባ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ከገጠር የመጣ ሰው በደሉን በወላይትኛ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው «ክቡር ሆይ» ብለው ይጀምሩለታል። እኔ ሳውቃቸው ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ትተው ነበር። ቢሆንም ኮት ሳይለብሱ ከቤት አይወጡም፤ ከኮታቸው ኪስም እስክሪብቶ አይጠፋም። ዶማ ይዘው ያያቸው የለም። የጓሮው ቡና ሲለቀም እንኳ ወንበራቸውን አስወጥተው ቁጭ ብለው ያያሉ። መዳፋቸው ለስላሳ ነበር፤ ራሴን ሲዳብሱኝ እንቅልፍ ያመጣብኝ ነበር።

ተረት የሚነግሩን በወላይትኛ ነው። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ በተረታቸው ውስጥ የተማረ ሰው ካለ እሱ የሚናገረው በአማርኛ ነው። ገበሬው፣ ጅቡ፣ ጦጣው፣ ዝናቡ ሁሉ በወላይትኛ ይናገራሉ፤ የተማረው ሰው ሲመጣ አባባ ቀና ብለው ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው በፍርድ ቤት አማርኛ ይናገሩለታል። እኔ አማርኛ የለመድኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከነዚያ ሰዎች ነው ብል አልዋሸሁም።

አዘውትረው የሚነግሩን የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነበር። አባት ሲሞት ለታላቁ ልጁ ዶማውን፣ ለታናሹ ብዕሩን ትቶ ይሞታል። ታላቁ ወደ እርሻ ወርዶ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ ይተክላል፤ ታናሹ ወደ ንጉሡ ከተማ ወጥቶ ይማርና የንጉሡ ጸሐፊ ይሆናል። ከብዙ ዘመን በኋላ ታላቁን ታናሽ ወንድሙ ይናፍቀውና ከእርሻው የነቀለውን ቦይና በጀርባው ተሸክሞ፣ ጭቃውን እያቦካ ቤተ መንግሥቱ ይደርሳል። ዘበኛው በሩ ላይ ያቆመዋል። «እጁ ላይ አፈር ያለበት ሰው በዚህ በር አይገባም» ይለዋል። ታላቁ ወንድም አንገቱን አስግጎ በወላይትኛ ይጣራል። ታናሹ በመስኮት ብቅ ይልና ቁልቁል አይቶት፣ ለዘበኛው በአማርኛ «አላውቀውም» ይላል።

አባባ ያቺን «አላውቀውም» ሲሏት ድምፃቸው ክብ ይሆናል። ከዚያ እኔንም እህቴን ታደለችንም ተራ በተራ አይተው፣ «እንግዲህ የትኛውን መሆን ይሻላል?» ይላሉ። እኛም «ታናሹን» እንላለን።

ተረቱ ሲነገር እናታችን ከምድጃው ወዲያ ጥግ ላይ ናት። አዬ ነበር የምንላት፤ በእኛ አገር ልጅ እናቱን እንደዚያ ይጠራል። ቀን የፋቀችውን እንሰት ማታ ትከትፋለች። የእንሰት ውሃ እጅ ያጠቁራል፤ ጥቁረቱም በሳሙና አይለቅም። እንግዳ ሲመጣ አዬ እጇን ነጠላዋ ሥር ትከታለች፤ ጸሎት ቤት እንኳ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲዘምር እሷ ከነጠላዋ አታወጣውም ነበር። ማንም እንዲህ አድርጊ ብሏት አያውቅም። እጇን ለመደበቅ በዚያ ቤት ያንን ተረት መስማት ይበቃት ነበር።

አንድ ቀን ታደለች፣ ያኔ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ትሆናለች፣ ተረቱ እንዳለቀ «አባባ፣ ቦይናውን ማን በላው?» አለች።

«የቱን ቦይና?»

«ታላቁ ያመጣውን። እሱ ከበር ከተመለሰ ቦይናው የት ሄደ? ይዞት ተመለሰ ወይስ ቤተ መንግሥት ገባ?»

አባባ ትንሽ ተናደዱ። «ተረቱ የሚያወራው ስለ ምግብ አይደለም» አሏት።

ከጥግ የአዬ ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ይመስል ነበር፤ ግን ወዲያው የመክተፊያው ድምፅ ሸፈነው።

ታደለች አደገች፤ አባባም ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉባት ልጅ ሆነች። ሶዶ ካለ ኮሌጅ በጽሕፈት ሥራ ተመረቀች። ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ከፋኖሱ በላይ ተሰቀለ፤ አባባ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሰላም ላሏቸው ሁሉ «የእኛ ጸሐፊ ናት» እያሉ ያስተዋውቋት ጀመር። ስትመረቅ ቡናው ተሸጦ የቆዳ ቦርሳ ተገዛላት። ሥራ ግን አልነበረም። ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ትወጣና የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ትመለሳለች። ሶዶ ሲጠፋ ቦዲቲ ሄደች፣ ቦዲቲ ሲጠፋ እስከ ቤሌ ድረስ በአውቶቡስ ወረደች። በየሄደችበት ልምድ ይጠይቋታል፤ ልምድ ግን የሚሰጣት የለም። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ቦርሳው ባዶውን ስለሚንጠለጠል ቅርጹ ተበላሸ።

ያን ጊዜ በከተማችን ጭቃ የነበሩት የውስጥ መንገዶች ድንጋይ ይነጠፍባቸው ነበር። ኮብልስቶን ነው ሰው የሚለው። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድንጋዩን ይጠርባሉ፣ ያነጥፋሉ። በሰው አፍ ግን ኮብልስቶን ሥራ ሳይሆን ስድብ ነበር። ፈተና የወደቀ ልጅ «ኮብል ይጠብቅሃል» ይባላል። ዲግሪ ይዞ የጠረበ ሰው ወሬው ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ይዞራል።

ታደለች አንድ ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ምስማር ላይ ሰቅላ፣ የአባታችንን አሮጌ ሱሪ በገመድ ታጥቃ ወጣች። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩዋት።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ፣ አባባ።»

«የትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ሜዳ ላይ ነው» አለችና ሄደች።

ማታ ስትመጣ ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ድረስ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር። አውራ ጣቷ ተመቶ አብጧል። አባባ ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያን ዕለት ተረት አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ፍሙ እንደ ወትሮው ይግላል፣ ጭሱ እንደ ወትሮው ይጋደማል፤ ቤታችን ውስጥ ግን የመክተፊያውና የሳል ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ ተረቱ ናፈቀኝ፤ ግን በታደለች አልተቀየምኩም። ማታ ከጎኗ ስተኛ ዝናብ እንደመታው ድንጋይ ትሸተኝ ነበር፤ ደስ የሚል ሽታ ነው።

ትምህርት ቤት ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። አንድ መምህራችን፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የቤት ሥራ ያልሠሩትን ሲቆጣ እንደ ሁልጊዜው «ካልተማራችሁ ወጥታችሁ ድንጋይ ትጠርባላችሁ» አለ። ልጆቹ ዞረው እኔን አዩ። እኔም እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«መምህር፣ እህቴ ተምራለች። ድንጋይም ትጠርባለች።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ የቀለድኩበት መስሎት አንበረከከኝ። እስከ ደወል ድረስ ተንበርክኬ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም አላለቀስኩም። ለታደለች ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጉልበትሽን አሳዪኝ» አለችና የራሷንም አውጥታ አሳየችኝ። የእሷ የባሰ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በዓል በፊት፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባለ። ልጁ የቦዲቲ ሰው ነው፤ እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ታደለች በአንድ የመዘምራን ጉባኤ ላይ አይታው ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ፊቷን ታዞር ስለነበር እንዳልጠላችው እኔም አውቄያለሁ። አባባ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ተናገሩ። ለልጁ ወገኖች በሰው በኩል «ልጃችን ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት» ብለው ልከውላቸው ኖሯል።

«እጅሽን ቅቤ ቀቢው» አሏት። «ስታስተናግጂ ነጠላሽን ወደ ታች ሳብ አድርጊው፤ እጅሽን ይሸፍናል። ከጋብቻው በኋላ የሚሆነው ይሆናል። ለዛሬ ብቻ፣ ልጄ።»

አባባ «ልጄ» ብለው ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ታደለች መለስ ብላ አዬን አየች። አዬ መሬት መሬት ታያለች። ታደለች «እሺ» አለች፤ እጇንም ቀባች።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዋናው ሽማግሌ ሙሉ ሽበት የሆኑ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጸሎት ተደረገ፣ የመጡበት ጉዳይ ተነገረ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ዘመድ አዝማድ ተጠያየቁ። ቀኑ ሲመሽ አዬ ፋኖሱን አበራች። በዚህ መካከል ዋናው ሽማግሌ አባባን፣ «እርስዎ ተረት አዋቂ ነዎት ሲሉ እንሰማለን፤ ሳንሰማ ልንሄድ ነው?» አሉ።

አባባ ፊታቸው በራ። ብዙ ወር ያላዩት ሰው የተመለሰላቸው ይመስሉ ነበር። ቀና ብለው ተቀመጡና ያንኑ የወንድማማቾቹን ተረት ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንደ ያን ቀን አሳምረው ሲናገሩ አልሰማሁም። ዘበኛው፣ በሩ፣ መስኮቱ፤ «አላውቀውም» ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

ታደለች ቆጮውንና በቃሪያ የተፈጨውን ዳጣ ይዛ መሐል ላይ ቆማ ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አባባ፣ ተረቱ አላለቀም» አለች። «እኔ ልጨርሰው?»

አባባ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ሽማግሌው ግን ጨዋታ መስሏቸው «ጨርሺው እስቲ» አሏት።

እሷም ቁጭ ብላ ጀመረች። «ታላቁ ወንድም ቦይናውን ከበሩ ሥር አውርዶ ትንሽ አረፈ። ዘበኛው ቦይናውን ወደ ውስጥ ሊያስገባ ሲል፣ ታላቁ ወንድም 'ተው፣ አፈር አለበት፤ አፈር ያለበት ነገር በዚህ በር አይገባም ብለሃል' አለው። መልሶ ተሸከመው፣ አገሩ ገባ። ለጎረቤቶቹም የተባለውን ነገራቸው። በማግስቱ ወደዚያ በር ቦይና የወሰደ የለም። እንሰት የወሰደ የለም። ጣሪያው ሲያፈስ ሣር ይዞ የወጣ የለም፤ መንገዱ በጎርፍ ሲቆረጥ ድንጋይ ይዞ የሄደ የለም። ታናሹ ወንድም ራበው። በነጭ ጫማው ጭቃውን እያቦካ ወርዶ፣ ታላቁ ወንድሙ ቤት ደረሰ። በሩንም መታ።»

ታላቁ ወንድም «አላውቅህም» የሚለው መስሎኝ ነበር።

«ታላቁ ወንድም በሩን ከፈተለት» አለች ታደለች። «በወላይትኛ፣ 'ግባ፣ ግን ከመብላትህ በፊት ለልጆቼ በመስኮት ያልከውን ንገራቸው' አለው። ታናሹም በሩ ላይ ቆመ። መናገር አፈረ። እስካሁን እዚያው ቆሟል።»

ከሽማግሌዎቹ የሳቀ አልነበረም። ታደለች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ሁለት እጆቿን ፋኖሱ ብርሃን ላይ ዘረጋቻቸው። ቅቤው ስንጥቁን ይበልጥ አሳይቶት ነበር።

«አባቶቼ፣ እኔ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አይደለሁም። ተምሬያለሁ፣ ሥራው አልተገኘም፤ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ እዚህ እስክትደርሱ የረገጣችሁትን መንገድ ከጓደኞቼ ጋር የሠራሁት እኔ ነኝ። ጫማችሁ ጭቃ አልነካውም። ልጃችሁ ይህን አውቆ ከፈለገኝ ደስ ይለኛል። ሳያውቅ ግን አላገባውም።»

አባባ «አዋረድሽኝ» አሉ።

«እኔ አላዋረድኩዎትም አባባ። የእኔን ሥራ የደበቁት እርስዎ ነዎት።»

ያኔ አዬ ከጥጓ ተነሣች። ሳህኑን ከመሬት አንሥታ ሽማግሌዎቹ ፊት አቀረበች፤ በሁለት እጇ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ። ጥቁር እጆቿ ነጩ ቆጮ አጠገብ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። «ብሉ እንጂ፣ እኔው የፋቅሁት ነው» አለች። እንግዳ ፊት ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው። ዋናው ሽማግሌ የራሳቸውን እጅ አየት አድርገው ቆረሱና በሉ። ሌሎቹም በሉ። ከዚያ በጥቂት ቃል ጸልየው፣ ከጨለመ መኪና አናገኝም ብለው ተነሡ።

መልስ አልመጣም። ልጁ ራሱ ግን መጥቶ እንደነበር ታደለች ከብዙ ዓመት በኋላ ነግራኛለች። ከባጃጅ ወርዶ፣ ከሚጠርቡት ፊት ለፊት ቆሞ ሲያያት ቆይቶ፣ ሰላም ብሏት ሄደ። «ቀና ብዬ ሰላም አልኩት፤ ከዚያ ያንን ቀን ሙሉ የጠረብኩት ድንጋይ ሁሉ ተሰበረብኝ» አለችኝ። ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር። በማግስቱ ግን ሱሪዋን ታጥቃ ወጣች።

አባባ ከረጅም ዝምታ በኋላ ተረት መናገር ጀመሩ፤ አልተሸነፉም ግን። የወንድማማቾቹን ተረት ሲነግሩን አንዲት ቃል ሳይለውጡ ነው፤ «አላውቀውም» ብለው ያቆማሉ። ታደለችም ከተኛችበት ሆና ትቀጥላለች። «አላለቀም» ትላለች፤ እሳቸው «አልቋል» ይላሉ። ይህ ለዓመታት እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ሲሞቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ እስክሪብቷቸው ከነክዳኑ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ተቀበሩ፤ ታደለችም ከሥራ እንደመጣች፣ ብናኙን ሳታራግፍ፣ ከሬሳቸው ራስጌ ተቀምጣ አለቀሰችላቸው። ይወዷት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ አዎ እላለሁ። ስለ ሥራዋ ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር ወይ ቢለኝ፣ አልለወጡም። እሷም አልጠበቀችም።

የመንገዱ ሥራ ሲያልቅ ታደለች ወደ ግንባታ ገባች። የቤት መሠረትና የድንጋይ አጥር ትሠራለች፤ ዛሬ የራሷ ሠራተኞች አሏት፣ አረካ ላይ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። እኔ ተማርኩ፤ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ይዤ እሠራለሁ። ሥራዬን አልንቅም፣ እወደዋለሁ። ከዚያ የፋኖስ ዘመን የቀረኝ ግን አንድ እልኸኝነት ነው፤ ሰው በእጁ ስለሠራ ሲናቅ ዝም ብዬ መስማት አይሆንልኝም። ሰዎች እልኸኛ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ባለፈው በሻይ ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጇ ፈተና እንዳልመጣላት ስትነግረን፣ «ምን ታደርግ እንግዲህ፣ ሄዳ ድንጋይ ትጥረብ» አለች። ቢሮው ሳቀ።

«ትፈልጋለች?» አልኳት።

«ምኑን?»

«መጥረቡን።»

የቀለድኩ መስሏት ደግማ ሳቀች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለታደለች ደወልኩ፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነገሩን በወላይትኛ አስረዳኋት። ከወዲያ መዶሻ ይሰማል። ታደለች አንዱን ሠራተኛ ዝም አሰኘችና መለሰችልኝ።

«ሰኞ ጠዋት ትምጣ» አለች። «ጠንካራ ጫማ ታድርግ፣ ምሳዋን ትያዝ። እናቷም ማየት ከፈለገች አብራት ትምጣ፤ መቀመጫ አለን።»